የብርነሽ ትልቁ ጥርስ

ለምወድህ የልጅ ልጄ ለይልቃል፣ ባለህበት ታሽከንት፤

ይህን ከማንበብህ በፊት ወንበር ፈልገህ ተቀመጥ። በቤታችን ከባድ ነገር ስለተፈጸመ፣ የቤቱ አንጋፋ እንደመሆኔ የማስታወቁ ሥራ በእኔ ላይ ወድቋል። ባለፈው ቅዳሜ፣ በገበያ መሃል፣ ሕዝብ እያየ፣ የእህትህ የብርነሽ ትልቁ ጥርስ ተነቅሏል። የቀሩት ሁለቱ በመልካም ጤንነት ላይ ይገኛሉ።

አሁን ልብህ ከተመለሰ ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህ ልጄ? እንዴት ሰነበትክ? ብርዱ ደረትህን አልነካውም? እንቅልፍ ይወስድሃል? የሚያበሉህ ነገር ከሆድህ ጋር ተስማማ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ የእኔ ጉልበት ብቻ ከእኔ ጋር ተኳርፎ ለብቻው መኖር ጀምሯል። ደብዳቤዬ ስለቆየ አትቀየመኝ፤ ዘገየ ብለው ስም ያወጡልኝን ወላጆቼን ውቀስ። የላክኸው ፎቶም ደርሶናል። እናትህ ደጋግማ ሳመችው። እኔ ግን ያን ባለጠጉር ቆብ ደፍተህ ሳይህ፣ የቱ ቆቡ የቱ አንተ እንደሆንክ ለመለየት መነጽሬን መጥረግ ነበረብኝ። ጥጥ ለማጥናት ያን ሁሉ አገር ማቋረጥህም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ጥጥስ እዚህ አዋሽ ዳር ሞልቷል። ይሁን፣ ተማር።

ወደ ጥርሱ ልመለስ። ብርነሽ በጤና ረዳትነት የምትሠራበት ክሊኒክ አንድ ብስክሌት እንዳለው ሳልጽፍልህ አልቀረሁም። በዕርዳታ ሥራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶት የሄደ ነው። እንደ ድሮዎቹ ቀጭን አይደለም፤ ጎማው ወፍራም፣ አጥንቱ ደንዳና፣ ለተራራ የተሠራ ነው። ፔዳሉ የተተከለበት ቦታ ላይ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ሆነው የተደራረቡ፣ ዙሪያቸው የሾለ ሦስት ክብ ብረቶች አሉት። ብስክሌት ጠጋኞቻችን እያንዳንዱን ክብ በጅምላ «ጥርስ» ይሉታል። እንግዲህ የተነቀለው የትኛው እንደሆነ ገባህ። የብርነሽ የራሷ ጥርሶች ባሉበት አሉ፤ እኔን ሲያዩም ይስቃሉ።

እህትህ በዚህ ብስክሌት የክትባት ሳጥኗን በትከሻዋ አንግታ፣ ከቦኬ መንገድ ገባ ብለው ያሉትን የዳገት መንደሮች ታዳርሳለች። መኪና አይደርስባቸውም። አምና ኩፍኝ ገብቶባቸው ስንት ቤት እንዳጨለመ ታውቃለህ፤ በእግሯ ብትሄድ ደግሞ እሷ ሳትደርስ በሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል። የምትሄደው በቀሚስ ነው። አንድ ቀን ሱሪ ለብሳ ብትሄድ፣ ሴቶቹ ከሩቅ አይተው የዘመቻ መልማይ መጣ ብለው ወንድ ልጆቻቸውን ይዘው ጫካ ገቡ። ያን ቀን የከተበችው የመንደሩን ዝምታ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀሚስ ሆነ።

ታዲያ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት፣ ድንጋያማውን ቁልቁለት ስትወርድ፣ ያ ትልቁ ጥርስ የቀሚሷን ጫፍ ነክሶ ጠቀለለባት። ወደቀች። ሳጥኑ እንዳይሰበር ብላ በጀርባዋ መውደቁን ትታ በጎኗ ወደቀች፤ ጉንጯ አበጠ፣ ቅልጥሟንም ጥርሱ ቀደደው። ሳጥኑን ግን አንዲት ጠርሙስ ሳትሰበር አስገባችው። እናትህ ያን ቅልጥም ባየች ጊዜ ፊቷ አመድ መሰለ። ቁስሉን አጥባ፣ አስራ፣ ከጨረሰች በኋላ ቀና ብላ፣ «ይህ ትልቅ ጥርስ እያለው ዳግመኛ ብትወጪበት፣ የጠባሽው ጡት ይፋረድሽ» አለቻት።

እናትህን ማሚቴን ታውቃታለህ፤ ስትቆጣ ብዙ ትናገራለች፣ ሲበርድላት ትረሳዋለች። ይህ ግን የሚረሳ ቃል አይደለም። እናት በቀልድ አታወጣውም፣ ልጅም በቀልድ አይሰማውም። ብርነሽ አንገቷን ደፍታ ብስክሌቱን ከግድግዳው አስጠጋችው። የክሊኒኩ ኃላፊ ይህን ሲሰማ፣ እስከ ሰኞ የሚወጣበት ሰው ከሌለ በደሳ ከተማ ላለው ክሊኒክ እሰጣለሁ አለ። በደሳ ከሄደ ደግሞ ያ ብስክሌት ወደ እኛ እንደማይመለስ፣ የዳገቶቹም ልጆች ሳይከተቡ እንደሚቀሩ ሁላችንም አውቀናል።

እኔ አዝኜ ተኛሁ። እሷ ግን በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቱን ገልብጣ፣ በዚያ በታሰረ እግሯ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ፔዳሉን በእጇ ስታሽከረክር አገኘኋት። «አባባ፣ እማዬ ምን ነበር ያለችው? ቃል በቃል ይንገሩኝ» አለችኝ። ነገርኳት። «ይህ ትልቅ ጥርስ እያለው ነው ያለችው?» አለች። አዎ አልኳት። ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ ከአያትህ ከሳህሊቱ ወዲህ አላየሁትም፤ ነፍሷን ይማረውና እሷም እንዲያ የምትስቀው እኔን ልትረታኝ ስትል ነበር።

ከዚያ ጣቷን ወደ ጥርሶቹ ቀስራ አሳየችኝ። የመካከለኛው ሹል ጫፍ ካቴናው፣ ያ ጎማውን የሚያዞረው ሰንሰለት፣ ሲያልፍበት ከርሞ እንደ ብር ያበራል፤ ትንሹም እንዲሁ። ትልቁ ግን ከላይ እስከ ታች ዝጓል፤ ጫፎቹ ደግሞ ጎብጠዋል። «ያጎበጠው ካቴና አይደለም አባባ፣ ድንጋይ ነው» አለች። «ትልቁ ለሜዳ ነው፣ ለመብረር። ጭሮ ውስጥ ሜዳ የት አለና? እኔ አንድም ቀን በሱ ሄጄ አላውቅም። ሥራው ድንጋይ መግጨትና ቀሚስ መብላት ብቻ ነው። ይነቀልና በቦታው ጥርስ የሌለው ጋሻ ይግባ።» ይልቃል፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በአዲስ አበባና በሐረር መንገድ የጭነት መኪና መሪ የጨበጥኩ ሰው ነኝ። ብስክሌቱን በየቀኑ አየዋለሁ። ዝገቱን ግን አላየሁትም። ዝገት አይቶ ይህ ብረት ሥራ የለውም ማለት የሷ ዓይን ነው።

ጋሻው ከምን ይሠራ የሚለው ሲነሳ ዓይኗ ከግድግዳዬ ላይ አረፈ። የድሮዋ መኪናዬ የጎማ ክዳን፣ ጡረታ ስወጣ ለመታሰቢያ የሰጡኝ፣ በየሳምንቱ የምወለውለው፣ እዚያ ተሰቅሏል። «አባባ፣ ይህ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ታሪክ ነው አልኳት። «ታሪክ ከሆነ ይንቀሳቀስ» ብላ አወረደችው። እኔ ጫማዬን ሳጠልቅ እሷ ብስክሌቱን እየገፋች ከግቢ ወጥታለች። ጎረቤታችን ጣሂራ በአጥሯ ላይ ሆና፣ «ልጅቷ እያነከሰች ወዴት ነው?» ብትለኝ፣ «ትልቁን ጥርስ ልታስነቅል» ብያት ተከተልኩ። ውሸት የለበትም።

ብስክሌት ጠጋኙ መስዑድ ከጫት ተራው ጎን ያለው ነው፤ እጁ እንደሚሠራ አፉም ይሠራል። ነገሩን ስንነግረው መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አካኮ፣ ወላሂ አላደርገውም» አለኝ፤ አካኮ በኦሮምኛ አያት ማለት መሆኑን ጥጡ አስረስቶህ እንደሆነ ብዬ ነው። «እንዲህ ያለ ብስክሌት ጭሮ ውስጥ አንድ ነው። ትልቁን ነቅዬ ባዋርደው ሰው መስዑድ ጥርስ ሰረቀ ነው የሚለው።» ብርነሽ ምን ብትለው ጥሩ ነው፤ «መስዑድ፣ እኔ ቀሚስ አበድርሃለሁ። ለብሰህ የቦኬን ቁልቁለት አንድ ጊዜ ውረድልኝ። በደህና ከደረስክ ጥርሱ ይቆይ።» የጫት ነጋዴዎቹ ሴቶች ሥራቸውን ትተው ሳቁ። አንዷማ ከታጠቀችው ላይ ሽርጧን ፈትታ ዘረጋችለት። መስዑድ መፍቻውን አነሳ።

ከጀመረ በኋላ ግን አልቀለደም። አምስቱን ቡሎኖች ፈትቶ ትልቁን አወጣ። የኔን ታሪክ በመዶሻ ጠፍጥፎ፣ ከመካከለኛው ጥርስ ጥቂት ሰፋ አድርጎ ቆረጠው፤ መሃሉን አውጥቶ አምስት ቀዳዳ በሳው፣ ጠርዙን ጉንጭ ላይ ቢያሹት እንዳይቧጭር አድርጎ ሞረደው። ስንገጥመው ተንኳኳ፤ ጋሻው ከድሮው ጥርስ ስለሚሳሳ ቡሎኖቹ አልጨብጥ አሉ። በየቡሎኑ ስር ስስ የብረት ቀለበት፣ እነሱ ሮንዴላ የሚሉትን፣ ከተቱበትና ጠበቀ። ብርነሽ ሞከረችው። ገና ሁለቴ ሳትረግጥ ካቴናው ዘሎ በጋሻው ላይ ወጣ። መስዑድ፣ «ይኸው፣ አልነገርኳችሁም? ጥርሱን እየፈለገ ነው» አለ፤ እኔም ክዳኔን አለቀስኩለት። እሷ ጎንበስ ብላ አየችው። ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚገፋው ብረት ትልቁ የተነቀለ መሆኑን ማን ነግሮት? አሁንም ወደዚያው ይገፋዋል። ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በካቻቢቴ ጠበቅ አድርጋ፣ ከመካከለኛው እንዳያልፍ ከለከለችው። ከዚያ በኋላ ካቴናው ልክ ገባ። መስዑድ እኔን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ፣ «አካኮ፣ ይህችን ልጅ ክሊኒኩ አላግባብ ወስዶብኛል» አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግቢው በሴቶች ተሞልቷል። ጣሂራ ወሬውን በሰፈሩ አዳርሳ፣ አጥሚት በፔርሙዝ፣ ቅርንፉድ በወረቀት ይዛ መጥታለች። ያበጠውን ጉንጭ ሁሉም አይቶት ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። እናትህ ከሁሉ ይልቅ ተሰብራለች፤ ልጄ በጥርስ ስትሰቃይ እኔ በጡቴ ረገምኳት ብላ። ብርነሽ ከመግባቷ አገጯን ይዛ፣ «አፍሽን ክፈቺ፣ የቱ ነው? ደሙ ቆመ?» አለቻት። ብርነሽ አፏን ከፈተች። እናትህ ብትፈልግ ክፍት ቦታ የለም። ያን ጊዜ ብርነሽ የዛገውን ክብ ብረት ከከረጢቷ አውጥታ በእናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

ማሚቴ ብረቱን አየች፣ ብስክሌቱን አየች፣ እኔን አየች። «አባዬ፣ ቃሌን ነው እንዴ የነቀላችሁት?» አለችኝ። እኔ ወደ ሰማይ ስመለከት ብርነሽ መለሰች። «ቃልሽን ላፈርስ አልደፈርኩም እማዬ። ጥርሱን አፈረስኩት።»

እናትህ ብረቱን እንደያዘች ወደ ቤት ገባች። ይህ ለበጎ አይደለም ብዬ ከዘራዬን ፈለግሁ። ስትወጣ የጥምቀት ነጠላዋን፣ ያን አንተ እንኳ እንድትነካው የማትፈቅድልህን፣ ይዛ መጣች። «አባዬ፣ የኋላውን ጎማ ብድግ አድርገው ይያዙ። አንቺ ፔዳሉን አዙሪ» ብላ አዘዘች። ጉልበቴ እየተቃወመ ያዝኩ። ብርነሽ አሽከረከረች። ማሚቴ የነጠላዋን ጥበብ ወደሚዞረው ጋሻ አስጠጋች። ተንሸራተተ። ገፋ አደረገችው፤ ተንሸራተተ። «ፍጠኚ» አለችና ጠርዙ ላይ ጥቅልል አድርጋ ጫነችው። ጣሂራ ዓይኗን ሸፈነች። ነጠላው ወጣ። እናትህ ዘርግታ ክር በክር መረመረችው፤ የካቴና ጥቁር ዘይት ነክቶት ነበር እንጂ አንዲት ክር አልተመዘዘም። ብዙ አየችው፤ ከዚያ አጣጠፈችና «ጥቁሩ ይታጠባል» አለች። ፈቃዷ ይኸው ነበር። አጥሚቱን ግን በጥርስ ማጣት ከእኔ የሚበልጥ ሰው ግቢው ውስጥ ስላልነበረ እኔ ጠጣሁት።

ሰኞ ጠዋት ብርነሽ ሳጥኗን አንግታ ስትወጣ፣ እናትህ እጆቿን ዘርግታ፣ «ሂጂ ልጄ፣ እሾህ አይንካሽ፣ እግርሽ የረገጠው ቤት ሁሉ ጤና ይግባው» ብላ መረቀቻት፤ እኔም ከአልጋ ሆኜ አሜን አልኩ። ማታ ሳጥኑ ባዶ፣ ቀሚሷ ሙሉ ሆኖ ተመለሰች። ጋሻው ላይ ድንጋይ የተወው ረጅም ጭረት አለበት፤ ክዳኔ በእኔ ዘመን ካየው መንገድ ይልቅ የከፋ መንገድ እያየ ነው፤ ኮራሁበት። መስዑድም በራፉ ላይ «ትልቅ ጥርስ በጋሻ እንለውጣለን» የሚል ካርቶን ሰቅሎ፣ አንድ ጉንጩን የጠቀለለ ገበሬ ከበደሳ ድረስ መጥቶበት ሲጨቃጨቁ ዋሉ።

እናትህ ማሚቴ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች፤ ካልሲ በላይ በላዩ ልበስ ብላሃለች። ብርነሽ ሰላም ትልሃለች፣ ቅልጥሟም ጠግጓል። ጣሂራ ታኮርፈኛለች፣ አንተን ግን በጣም ናፍቃለች። መስዑድ የዚያን አገር ብስክሌት ጥርስ ቆጥረህ ላክልኝ ይላል።

ከዚህ ከጻፍኩልህ ውስጥ አንዱን ነገር ከራሴ ፈጥሬዋለሁ። የመስዑድን ካርቶን ትጠረጥር ይሆናል፤ እሱ እውነት ነው። የፈጠርኩት ምርቃቱን ነው። እናትህ ሰኞ ጠዋት አልመረቀቻትም፣ አንድም ቃል አልወጣትም። ወረቀት ላይ ዝምታ ቁጣ ስለሚመስል ነው ቃል ያበጀሁላት። እኔም አልጋ ላይ አልነበርኩም፣ መስኮቱ ጋ ነበርኩ። ማሚቴ በራፉ ላይ ቆማ መንገዱን ታይ ነበር። ብርነሽ ከታጠፈች፣ አቧራውም ከተኛ በኋላ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም። ከውስጥ ወተቱ ገንፍሎ እሳቱን ሲያጠፋው ሽታው እኔ ጋ ደረሰ። እናትህ በዕድሜዋ ወተት አስገንፍላ አታውቅም። ልጠራት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት።

አያትህ ዘገየ መኮንን
ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ጥር 26 ቀን 1981 ዓ.ም.