ስለ ተሸፈነው ካሜራና ስለ ታሰረው ዘበኛ

ይድረስ ለተከበሩ ለአቶ አንዷለም፣
የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳይ ኃላፊ፣
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ የቢሮዎንም ወንበር እግሩ ሳይነቃነቅ እንዲያገኝ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ለማወቅ ይጓጓሉ ብዬ ባልገምትም እኔም ደህና ነኝ። የሰፈራችን ዘበኛ ቢምረው ግን በእርስዎ ትእዛዝ ከታሰረ ወዲህ ሲሚንቶ ላይ ስለሚተኛ ወገቡን ይዞታል። ደብዳቤዬን በአደባባይ የማወጣው ልድፈርዎ ብዬ አይደለም፤ አቤቱታ የሚጨመርበት የጽሕፈት ቤትዎ ሣጥን ቁልፉ ከጠፋ ሰንብቷልና፣ የሕዝብ ጆሮ ከዚያ ሣጥን ይልቅ ይከፈታል በሚል ተስፋ ነው።

ነገሩን ላልሰሙ ባጭሩ ላስረዳ። ባለፈው የገበያ ቀን፣ የሰፈሩ ሰው ገበያ ወርዶ፣ ወይዘሮ ሐሊሜም ሱቃቸው ውለው ሳለ፣ ፍየሎቻቸው ከጓሮ በረት ተሰረቁ። ዘበኛ ነውና ጥርጣሬው መጀመሪያ ቢምረው ላይ አረፈ፤ በዚያ ከሰዓት ግን የት እንደነበረ የሚያውቅ አንድ ምስክር ነበር፤ እሱም ከግቢዬ በር በላይ የተከልኩት ካሜራ ነው። ከሙሄዲን ሱቅ የገዛሁት ይህ ዕቃ ሽቦ የለውም፣ በፀሐይ ኃይል ይሠራል፣ መብራት ቢጠፋም ያየውን ሁሉ በሆዱ በያዘው ሚሞሪ ላይ ያስቀምጣል። እርስዎም ስለዚህ ካሜራ ስለዋሉልኝ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ምስሉን በስልኬ፣ ሚሞሪውንም በኪሴ ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ዕለት ጊዜዎን ሠውተው ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ቢምረው ሰዉ ወደ ገበያ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ እስኪመለስ ድረስ ከአጥሬ ሥር አልራቀም፤ አንድ ጊዜ ለአንዲት አሮጊት ሸክም ተቀብሎ እስከ ደጃቸው አደረሰላቸው፣ እሱም ቢሆን ከካሜራው ዓይን ሳይወጣ፤ ከዚያም ተቀምጦ የተበጠሰ ጫማውን ሰፋ። እርስዎ ጫማው ላይ ሲደርሱ ስልኩን መለሱልኝና "ይኼ ዕቃ የት ነው የተሠራ?" ብለው ጠየቁኝ። "ቻይና" አልኩ። "ታዲያ ቻይና የኛን ሰፈር ሌባ በምን ያውቀዋል?" አሉ፤ ከጎንዎ የነበረው ሚሊሻም እስኪያስለው ሳቀ። ቀጥለውም "ደግሞ መስቀል አይመታ፣ ቁርአን አይነካ፤ በምን ሊምል ነው?" ሲሉ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱንም ሃይማኖት እኩል ማስተናገድዎን አድንቄ ወጣሁ።

ሁለተኛ፣ ከመውጣቴ በፊት ሚሞሪውን ተቀብለው በፖስታ አሽገው መሳቢያ ውስጥ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ያ ሚሞሪ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። የእርስዎ ጥንቃቄ ባይኖር ሰነፍ ነኝና አዲስ አልገዛም ነበር፤ ሙሄዲን የሰጠኝ አዲሱ ሰፊ ነው፣ ብዙ ይይዛል። ምን እንደያዘ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛ፣ ምስል አላምንም ብለው የአባቶቻችንን አውጫጭኝ ስለጠሩ አመሰግናለሁ። እኔ የአውጫጭኝ ጠላት አይደለሁም። ሰፈሩ በሙሉ ይሰበሰባል፣ ሌባው ሳይወጣ አይበተንም፣ ያየ ሰው ለብቻው ቀርቦ በሽማግሌ ጆሮ ሹክ ይላል፤ ሹክ ያለው "ወፍ" ይባላል እንጂ ስሙ አይነሣም። አባቴ በዚህ ሥርዓት የጠፋ በሬ ሲገኝ አይቷል። ሆኖም ወፍ የሚሰሙት ከጥንት ጀምሮ የተመረጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እርስዎ ግን የሰፈራችንን ሽማግሌ አባ ገብረ አምላክን "አባቴ፣ እርስዎ ፀሐይ ይጎዳዎታል፣ ከጥላው አይውጡ፤ ይህን ሸክም መንግሥት ይሸከመዋል" ብለው ወንበሩን ተቀበሏቸው። አባ ገብረ አምላክ "ፀሐይማ ሰማንያ ዓመት ሞቄው ምን አደረገኝ?" ማለታቸውን የሰማ ሁሉ ሰምቷል፤ እርስዎ ሳይሰሙ ቀርተው ይሆናል።

ስብሰባው ከግቢዬ በር ፊት ካለው ግራር ሥር ስለነበረ፣ ካሜራዬን ሽቅብ አይተው "ይኼ ዓይኑን አፍጥጦ ወፍ የት ይመጣል? ሸፍነው!" ብለው አዘዙኝ። ልክ ነበሩ፤ የወፍ ማንነት መታየት የለበትም። መሰላል አምጥቼ የማዳበሪያ ከረጢት አጥልቄ በገመድ አሰርኩት። እርስዎም ረክተው ወንበርዎን ከሰው ራቅ አድርገው፣ የግቢዬን በር ተደግፈው፣ ከካሜራው ሥር ተቀመጡ። ሰዉ አንድ በአንድ እየቀረበ ሹክ ብሎ ተመለሰ። በመጨረሻ ተነሥተው "ወፏ ተናግራለች፤ ሌባው ቢምረው ነው" አሉ። ቢምረው ሲደነግጥ አማርኛው ይጠፋበታልና በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ብቻ ጮኸ፤ ሚሊሻውም ያንኑ ጩኸት እንደ ማመን ቆጠረው።

አራተኛው ምስጋናዬ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለ ድምፅዎ ጥራት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አስቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ይህ ካሜራ ጆሮም አለው። ከረጢት ዓይን ይጋርዳል እንጂ ጆሮ አይደፍንም። ማታ ከረጢቱን ሳወርድ አዲሱ ሚሞሪ የያዘውን በስልኬ ከአባ ገብረ አምላክ ጋር ሆነን አዳመጥን። ጎረቤቶቼ የተናገሩትን አልጽፍም፣ ቆርጬም አጥፍቼዋለሁ፤ የወፍ ምስጢር ይከበራል። ይህን ያህል ብቻ ግን አባ ገብረ አምላክም ይመሰክራሉ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰው አንድም የቢምረውን ስም የጠራ የለም። ያላጠፋሁት የእርስዎን የስልክ ንግግር ነው፤ ስልክ የሚያወራ ኃላፊ ወፍ ነው የሚል ሥርዓት አባቶቻችን አላወረሱንም። እንዲህ ይላሉ፦ "አዎ፣ አውጫጭኝ ላይ ነኝ… ኧረ ምንም የለም፣ ሁሉም 'አላየሁም' ነው የሚለው… ያለ ስም ብበትናቸው ነገ ወረዳ ምን እላለሁ?… ዘበኛውን እላለኋ! ከጋዝጊብላ የመጣ ነው፣ እዚህ ዘመድ የለው፣ ማን ይጮኽለታል?"

ክቡር ሆይ፣ እንዲህ በአጭር ቃል ሥራውን የሚገልጽ ባለሥልጣን ሰምቼ አላውቅም። ቅጂው ከአባ ገብረ አምላክ ጋር፣ ከወይዘሮ ሐሊሜ ጋርና ከዐቃቤ ሕግ ጋር ይገኛል። ወይዘሮ ሐሊሜ ሰምተው ሲጨርሱ "እኔ ፍየሌን ነው ያልኩ፣ ሰው አምጡልኝ አላልኩ" ብለዋል። የእኔም ልመና ከዚህ አይረዝምም፤ ቢምረውን ዛሬውኑ ይፍቱት፣ በሰበሰቡት ሕዝብ ፊትም "ወፍ አልተናገረችም" ይበሉ። ሚሞሪዬን ከፈለጉ ያቆዩት፤ መሳቢያዎ ውስጥ አንድ እውነት መኖሩ አይከፋም።

ስለ ሰፈሩ ጸጥታ የሚጨነቁትን ያህል የሰፈሩ ሰው ስለ እርስዎ እንደሚጨነቅ እያረጋገጥኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ፤

ተስፋው ምሳው
ከግራሩ ፊት ለፊት ካለው ቤት

ድኅረ ጽሑፍ፦ "ዘመድ የለው" ባሉት ላይ ትንሽ እርማት ይፈቀድልኝ። ትናንት ከጋዝጊብላ የቢምረው እናት፣ አጎቶቹ፣ የአጎቶቹ ልጆችና የደብሩ ቄስ በእግራቸው ገብተው ግቢዬን ሞልተውታል። ድምፅዎን በኽምጣንጋ አስተርጉሜ አሰማኋቸው። ረጋ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ "ይህ ሰው ቤቱ በየት በኩል ነው?" ከማለት በቀር ምንም አልጠየቁኝም። ያለ ፈቃድዎ መናገር ነውር መስሎኝ "ጠይቄ ልንገራችሁ" ብያለሁ። እስኪመልሱልኝ እንጠብቃለን ብለዋል፤ ስንቅ ይዘዋል።