አረም የሌለበትን ሁለት ኪሎ ሜትር ሊረጩልን ለተሰናዱት ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የገጠር መንገዶች ጥገና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ነጩ መኪናዎም፣ በመንገዳችን ሲያልፉ አንድም ቀን ወርዶ ያላየሁት የመኪናዎ መስታወትም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የመንገድ ዳር ሰዎች ከጥቂት ማሳከክ በቀር ደኅና ነን።

እኔ ከድልድዩ አጠገብ የእርሻ ዕቃ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ማጭድ፣ መቆፈሪያ፣ ጓንት፣ ገመድና ዘር እሸጣለሁ፤ የእርስዎ ሠራተኞች በጀርባቸው ተሸክመው የሚረጩትን ዓይነት ፀረ አረምም እሸጣለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥቅሜ ከየት በኩል እንደሆነ ለመገመት እንዳይደክሙ ነው፤ ሰው ቢረጭም ቢነቅልም እኔ የምሸጠው አላጣም። ሌላው ልማዴ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት በዕለቱ ያየሁትን በማስታወሻ ደብተር ላይ ማስፈር ነው። ማን እንዳለፈ፣ ምን እንደዘነበ፣ የትኛው ማሽን የት እንደቆመ እጽፋለሁ። ለማንም ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሰው ይረሳል፣ ደብተር ግን አይረሳም። ሰሞኑን ደብተሩን ወደኋላ ሳገላብጥ ያልጠበቅሁት ነገር ስላገኘሁ፣ ሰው ሁሉ በሚያነበው መንገድ ልጽፍልዎ ግድ ሆነብኝ።

ነገሩ ይህ ነው። ባለፈው ሰኞ በድልድዩ ምሰሶ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ መሠረት፣ ከድልድዩ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር የመንገድ ዳር «መጤ አረምን ለማጥፋት» በመጪው ረቡዕ ይረጫል። በዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ መጤ አረም የለም። ያለው ሣር ነው፤ ሣሩም የእናቴ ታናሽ እህት የሆነችው አክስቴና የአሥራ አንድ ጎረቤቶቿ ከብቶች ብቸኛ መኖ ነው። ለዚህ ስጦታ ሳላመሰግን ወደ ዝርዝሩ መግባት ነውር ስለሚሆንብኝ፣ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግሬደሩ።

መንገዳችንን በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚያስደለድሉልን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ግሬደሩ በመጣ ቁጥር የሚያድረው ከሱቄ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ኦፕሬተሩ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት የማሽኑን አፈር መግፊያ ብረት በእንጨት እየፋቀ ከሌላ መንገድ ይዞት የመጣውን ጭቃ ያራግፋል። የዛሬ አራት ዓመት፣ በደብተሬ እንደሰፈረው፣ ማሽኑ ሐሙስ ሄደ፤ ቅዳሜ ዘነበ፤ በሃያ ሁለተኛው ቀን ከዚያ በፊት በአካባቢያችን ታይቶ የማያውቅ ቅጠሉ የተተለተለ ቡቃያ ብቅ አለ። የገረመኝ መብቀሉ ሳይሆን አበቃቀሉ ነበር። በስድስቱ ጎማ ልክ ስድስት ቦታ፣ በመግፊያው ብረት ልክ ደግሞ አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ነው የበቀለው። ማሽኑ ሄዶ ጥላው የቀረ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግሬደሩ ዞሮ በሚመለስባቸው ሰባት ቦታዎች ሁሉ በቅሏል፤ ግሬደር ረግጦት በማያውቀው የእግር መንገድ ላይ ግን አንድም የለም። የሠፈራችን ሰው አረሙን «ኮንትራክተሩ» ብሎ የሚጠራው ከማሽን ጋር መጥቶ አልሄድ ስላለ ነው።

ይህንኑ ለኦፕሬተሩ ብነግረው በትሕትና አዳመጠኝና፣ «እትዬ፣ እኔ የምገፋው አፈር ነው፤ አፈሩ ሆዱ ውስጥ ምን እንደያዘ አይነግረኝም» አለኝ። ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ከመሻገሩ በፊት ማሽኑን እንዲያጥብ ታዝዞ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ደግሞ፣ ማሽኑ የሚታጠበው እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እንግዲህ ክቡርነትዎ በአንድ እጅዎ እየዘሩ በሌላው ይረጫሉ ማለት ነው። ይህን ያህል የተሟላ አገልግሎት የሚሰጥ ሌላ መሥሪያ ቤት አላውቅም።

ሁለተኛ፤ ስለ ርጭቱ ጊዜና አኳኋን።

ፀረ አረም ጠላቴ አይደለም። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ግን በመነጽር አንብቤዋለሁ፤ መነጽሩን ከፈለጉም ለማዋስ ዝግጁ ነኝ። ጽሑፉ አረሙ ቡቃያ ሳለ ይረጭ ይላል፤ የእርስዎ ቡድን በመጣ ቁጥር የሚደርሰው አረሙ አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ፣ ግንዱ ከደረቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጽሑፉ ነፋስ ባለበት አይረጭ ይላል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት በተረጨበት ቀን ደብተሬ ላይ «ነፋሱ የሱቁን በር ሁለት ጊዜ ዘጋብኝ» የሚል ሰፍሯል። የሚረጨው ሰው የአራት ልጆች አባት ነው፤ እሱ ካለፈ በኋላ ጉሙ ስለሚቆይ እኛ «ደመና» እንለዋለን። በዚያን ቀን አፍና አፍንጫውን የሸፈነው በገዛ ሸሚዙ እጅጌ ነበር። ነፋሱ እስኪበርድ ለምን አትቆይም ብዬ ብጠይቀው፣ «ልቆይ ብል ነፋሱን እኔ እንዳመጣሁት ነው የሚቆጠርብኝ» አለኝ።

ጽሑፉ ከብት እንዳይገባ ምልክት ይተከል ይላል። ምልክት አልተተከለም። የአክስቴ ላም ከተረጨው በላች። አክስቴ ከሁለት ላሞች በቀር ይህ ነው የምትለው ሀብት የላትም፤ የተረጨው ምን እንደሆነ የሚነግራት ሰው በማጣቷ፣ ለሦስት ሳምንት ወተቱን እያለበች ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው። ላሟ ታመመች አልልም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። ማመልከቻ ብናስገባ «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ተባልን፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው። ወተት ቢሆን ኖሮ እስካሁን ተጣርቶ፣ ረግቶ፣ ተንጦም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ሁለቱ ኪሎ ሜትር።

ከዚያ በኋላ አክስቴ ማመልከቻ መጻፉን ትታ ወደ መንገዱ ወጣች። ዝናብ ባደረ ማግስት፣ አፈሩ ገና ለስላሳ ሳለ፣ አረሙን ከማበቡ በፊት ከነሥሩ መንቀል ጀመረች። በመጀመሪያው ቀን እጇን ያለበሰችው የባሏን ካልሲ ነበር፤ የአረሙ ማሳከክ ሲብስባት ከሱቄ ጓንት ወሰደች። ለዘመድ በነፃ ሰጠች እንዳይሉኝ፣ አልሰጠኋትም፤ ተከራክራ ነው የወሰደችው። በሳምንቱ አንዷ ጎረቤቷ ተከተለቻት፣ ቀጥሎም ሌላዋ፤ በመጨረሻ አሥራ ሁለት ሆኑ። አብቦ ያገኙትን አረም አናቱን በጆንያ ሸፍነው ይቆርጡታል፤ የጆንያውን አፍ አስረውም ያቃጥሉታል፤ ዘር መሬት አይነካም። ሣሩን ሲያጭዱ ደግሞ እስከ ሥሩ አይላጩትም፤ ስንዝር ያህል ይተዉለታል፣ ምክንያቱም ረዘም ያለ ሣር ለአረም ቡቃያ ፀሐይ አያካፍልም። በሁለት ክረምት ውስጥ ሣሩ ራሱ ዘበኛ ሆነ። በዚያ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ጠብታ መድኃኒት አልፈሰሰም። አክስቴን እንዴት አስቻላችሁ ብላት፣ «የጀመርነው ለላሞቹ ብለን ነው፤ የጨረስነው ግን እልህ ይዞን ነው» አለችኝ።

አራተኛ፤ ስለ ፎቶግራፉ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝ፤ መጠርጠር የነጋዴ ሙያ ነው። ደንበኛ ጥሩውን ማጭድ ትቶ ዝገት የበላውን ሲመርጥ፣ ለምን ይሆን ማለቴ አይቀርም። ከድልድዩ በላይ ባለው አራት ኪሎ ሜትር ላይ አረሙ ወገብ ደርሷል፤ በዕቅድዎ ውስጥ ግን የለም። ከድልድዩ በታች አረም የለም፤ በዕቅድዎ ውስጥ ግን አለ። ስለዚህ ደመናን ጠየቅሁት። ወሬ የማያበዛ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከሱቄ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ስለነበር፣ «ፎቶ አንሺው ሐሙስ ይመጣል፤ ለዚህ ነው ከድልድዩ በታች ጀምር ያሉኝ» አለኝ።

ሐሙስ፣ ክቡር ሆይ፣ የረቡዕ ማግስት ነው። ይህ መድኃኒት ግን፣ አሁንም በጠርሙሱ ጽሑፍ መሠረት፣ ሥራው የሚታየው ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሚገድለውም ያገኘውን ለምለም ሁሉ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት በፎቶው ላይ የሚታየው አረም የሌለበት ለምለም መንገድ ዳር የመድኃኒቱ ሥራ ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ክረምት የጎበጠ የአሥራ ሁለት ሴቶች ወገብ ነው። ሣሩ የሚሞተው ፎቶ አንሺው ከሄደ፣ ሪፖርቱም ከተጠረዘ በኋላ ይሆናል። የሚተርፈን ባዶ መሬት ነው፤ ኮንትራክተሩ ደግሞ ከባዶ መሬት አብልጦ የሚወደው ነገር የለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲባል በተረት እሰማ ነበር፤ ቀን ተቆርጦለት በማስታወቂያ ሲለጠፍ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

ጥርጣሬዬን ያባሰው ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከቢሮዎ የመጣው ባለሙያ ነው። ሴቶቹን ሰብስቦ ስለ ትጋታቸው ካመሰገነ በኋላ፣ ስማቸውን እንዲጽፉና እንዲፈርሙ አንድ ወረቀት አቀረበላቸው፤ የወረቀቱ ርእስ በክንዱ ተሸፍኖ ነበር። አክስቴ ክንዱን በቀስታ ገፋ አድርጋ ብታየው «የርጭት ተጠቃሚዎች ዝርዝር» ይላል። «ወንድሜ፣ እኔ ሣር ነው የማጭደው፤ ክንድ የተጋደመበት ነገር አልፈርምም» ብላ እስክሪብቶውን መለሰችለት። ሌሎቹም መለሱ። ባለሙያው ሲሄድ ባዶውን ወረቀት በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ።

ተሳስቼ ከሆነ ከልቤ ደስ ይለኛል። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፤ ፎቶ አንሺው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይምጣ።

አምስተኛ፤ ወቃሽ ብቻ እንዳልባል።

ግሬደሩ ወደ እኛ መንገድ ከመግባቱ በፊት ይታጠብ፤ የሚታጠብበት ቦታ አንድ ይሁን፣ ከወንዙም ይራቅ፤ እዚያ የሚበቅለውን እኛ እየተከታተልን እንነቅላለን። ከድልድዩ በላይ ያለው አረም በሚመጣው ክረምት ሳያብብ ይነቀል፤ ሴቶቹ ለሠራተኞችዎ ለማሳየት ፈቃደኞች ናቸው። ፀረ አረሙ እጅ በማይደርስበት ውሃ ከመንገዱ ሥር በሚያልፍበት የሲሚንቶ ቱቦ አፍና በድልድዩ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ብቻ፣ በስፖንጅ ተነክሮ በአረሙ ቅጠል ላይ ይቀባ። ለዚህ አንድ ጠርሙስ ክረምቱን ሙሉ ይበቃል፤ ሻጯ ራሷ ጥቂት ይበቃል ማለቷን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ለእርስዎ መንገር ድፍረት ስለሚሆን አልነግርዎትም።

ረቡዕን በተመለከተ፣ ፎቶ አንሺዎን ላለማድከም ሥራውን እኛው ቀድመን ሠርተንልዎታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ የትምህርት ቤቱ መምህር መንገዱን በእግሩ እየሄደ በየሁለት መቶ ሜትሩ አንድ ፎቶ አነሳ። በአሥሩም ላይ አክስቴ ቀኑ የተጻፈበት ካርቶን ይዛ ቆማለች፤ በሦስተኛው ላይ ዓይኗን ጨፍናለችና ይቅርታ እንጠይቃለን። ፎቶዎቹ በሱቄ በር፣ በትምህርት ቤቱ አጥርና፣ ምሰሶው ላይ ቦታ ስለተረፈ፣ ከማስታወቂያዎ ሥር ተለጥፈዋል። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለቱ ሴቶች እንደ ወትሯቸው ሣር ያጭዳሉ። መንገድ አይዘጉም፤ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም። ደመና መጥቶ ዞር በሉ ካላቸው ዞር ይላሉ። አስቀድሞ ግን የሚረጨው ምን እንደሆነና ከብት ለስንት ቀን እንደማይገባ የሚገልጽ፣ የክቡርነትዎ ስምና ፊርማ ያለበት ምልክት እንዲተክል ይጠይቁታል። ለደመናም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። «እሳቸው ካልፈረሙበት እኔም ታንኩን አልሞላም» አለኝ። እንግዲህ የቀረው የእርስዎ እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ሪፖርትና ነፋስ የማይነፍስበት ረቡዕ እየተመኘሁ፣ ማስታወቂያዎን ቆሜ፣ ጠርሙስዎን በመነጽር፣ ዝምታዎን ደግሞ በትዕግሥት ሳነብ የኖርኩት፣

አክባሪዎ፣
ከድልድዩ አጠገብ የእርሻ ዕቃ ነጋዴዋ፤ የባለ ሁለት ላሟ የእህት ልጅ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ይህን ደብዳቤ ለማስገባት ዛሬ ጠዋት ግቢዎ መጥቼ፣ መዝገብ ቤቱ እስኪከፈት ስጠብቅ፣ አትክልተኛዎ ከቢሮዎ መስኮት ሥር ተንበርክኮ ያንኑ አረም አንድ በአንድ፣ ከነሥሩ፣ በእጁ ሲነቅል አየሁት። መጋዘኑ በመድኃኒት ተሞልቶ ሳለ ለምን እንደሚደክም ብጠይቀው፣ ቀና ብሎ ጤንነቴን እንደተጠራጠረ ሰው አየኝና፣ «ምን ነካዎት እትዬ፤ እዚህ እኮ ሰው አለ» አለኝ።