ለከድር የሚሆን ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11፤ ከጠዋቱ 12፡30

የግፊት ኪኒን ዋጥኩ። ካልሲ፣ ጫማ፣ ጋቢ፣ ዱላ። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ጋዙን አጥፍቻለሁ? አጥፍቻለሁ። ደግሞ ተመለስኩ። ኪኒኑን ውጫለሁ? ሚስቴ አስቴር ዓይኗን ሳትገልጥ ውጠሃል አለች። ተኝታ እንዴት ታውቃለች? ከድር ታች ቆሞ ይጠብቀኛል። ዛሬ በግራ ነው የምንሄደው። ወሰንኩ።

በዚያው ቀን፤ 4፡15

ደብተሬ፣ የከድርን እጅ ሰበርኩት።

ሳይጠፋብኝ ልጻፈው። ከኮተቤ ወደ እንጦጦ ጫካ ስንወጣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። ግራው ውሻ አለው፤ ቀኙ ጉልበት ይፈጃል። ጡረታ ከወጣን ጀምሮ በየማለዳው እዚያ ቆመን እንጨቃጨቃለን። አንዳንድ ቀን ተጨቃጭቀን ተጨቃጭቀን ፀሐይ ሲበረታብን ሳንወጣ እንመለሳለን። ለሚስቶቻችን ዞረን መጣን እንላለን።

ዛሬም ግራ ስል ቀኝ አለ። እሺ ቀኝ ስል ግራ አለ። ይኼ የተለመደ ነው። ከዚያ ኪኒንህን ውጠሃል ወይ አልኩት። ረጋ ብሎ አየኝ። «ደሳለኝ፣ ከታች ጀምሮ ይህን ስትጠይቀኝ አራተኛህ ነው። እየረሳህ ነው። ለአስቴር ልነግራት ነው» አለ።

ዱላው እንዴት እንደተነሳ አላውቅም። ውሸት። አውቃለሁ። ጭንቅላቱን ብዬ ነው የሰነዘርኩት። በክንዱ መከተው፤ ቋ አለ። ባይመክተው ገድዬው ነበር። ሌላ ልጨምርለትም ፈልጌ ነበር፤ ይህንንም ጻፍልኝ። ከድር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን አቀፈ፣ ቀኝ ይሻለን ነበር አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 12

እጁ ጀሶ ገብቷል። ሚስቱ ዘሃራ ለአስቴር ደውላ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ የቁም ሳጥኑን በር በቡጢ መታሁት። በሩ ደህና ነው። ጣቴ አብጧል።

የሚያስታርቀን ማን ነው? የዚህ ሰፈር አስታራቂ እኔና ከድር ነን። ስንቱን ባልና ሚስት፣ ስንቱን ወንድማማች አስታርቀን አንድ ላይ አብልተናል። ጥፋተኛው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው እግር ላይ ይወድቃል። ድንጋዩን የሚመዝነው ከድር ነበር። ሲያንስ ንቀት ነው፣ ሲበዛ ጉራ ነው እያለ ስንቱን መልሷል። አሁን ለራሱ የሚሆነውን ማን ይመዝንልኝ?

ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። አራተኛህ ነው ይላል። ቆጣሪ።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ወንዝ ወረድኩ። የመጀመሪያው ድንጋይ ዳቦ ያክላል፤ ንቀት። ሁለተኛውን ላነሳ ስል ወገቤ ያዘኝና እንደ ጎበጥኩ ቤት ገባሁ። አስቴር ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷን አዞረች። ከሰዓት ሦስተኛውን አገኘሁ። ጥቁር ነው፣ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር አለው። ይኼ ነው። መሰለኝ። በሩ ሥር አኖርኩት።

ነገ እሄዳለሁ። ነገ ጁምዓ ነው፣ ከመስጊድ ሲመለስ እግሩ ላይ ብወድቅ ሰው ያየናል። ሰው ማየቱ ግን አይሻልም? ቅዳሜ ይሁን። ወይ ነገ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 15

ድንጋዬ ተሰረቀ። በሩ ሥር የለም።

አርብ ምንም አልጻፍኩም። ተኝቼ ውዬ መሆን አለበት። ትከሻዬ ግን ተልጦ ያቃጥለኛል።

ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ነው፤ ከነሱ ሌላ ማን ይወስዳል? ሄጄ ፎርማኑን ኮሌታውን አነቅኩት። ደግ ልጅ ነው፤ «አባቴ፣ እኛ በገልባጭ መኪና የመጣ ድንጋይ አለን፣ የእርስዎን ምን እናደርገዋለን» አለኝ። አሸዋው ላይ ገፍትሬ ጣልኩት። አካፋ አንስቼ ነበር። ሁለት ሠራተኛ ከኋላ ያዙኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ አየኝ። አስቴር መጥታ በክንዴ ይዛ አስገባችኝ። የሆነ ነገር ልትለኝ አፏን ከፍታ ተወችው።

እሁድ፣ ጥቅ. 16፤ ማታ 1፡00

ሌላ ድንጋይ አገኘሁ፣ ትንሽ ያንሳል። ተሸክሜ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንዱ ላግዝዎት አለኝ፤ ዘወር በል አልኩት።

በሩን የከፈተችው ዘሃራ ናት። ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ገብቼ ከድር እግር ላይ ወደቅኩ። ጀሶ የገባ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ አፉ ብዬሃለሁ አለኝ። ድንጋዩንም አየት አድርጎ ልክ ነው አለ። ሻይ ጠጣን። ደስታዬን አልነግርህም።

ስወጣ፣ አበባው ሥር ጥቁር ድንጋይ አየሁ። ነጭ መስመር አለው።

ዘሃራ መሬት መሬት አየች። ለካ አርብም መጥቼ ነበር። ወድቄ፣ ታርቄ፣ ሻይ ጠጥቼ ሄጃለሁ።

ተመልሼ ገባሁና የከድርን ሸሚዝ በሁለት እጄ ጨመደድኩ። ቁልፉ ተበጠሰ። ለምን አልነገርከኝም አልኩት። እጄን ለማስለቀቅ አልሞከረም። «ስነግርህ ሰበርከኝ» አለ።

እጄ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። እዚያው አለቀስኩ፤ አብሮኝ አለቀሰ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 17፤ ከጠዋቱ 12፡10

እየረሳሁ መሆኔን ለአስቴር ነገርኳት። ለካ አርብ ዕለት ድንጋዩን ትከሻዬ ላይ ያደላደለችልኝ እሷ ናት። ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እሺ አልኩ።

ዱላውን በጉልበቴ ልሰብረው ሞከርኩ፤ ጉልበቴ ሊሰበር ደረሰ። በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ፎርማኑ በአጥር አየኝና ወደ ኋላ አለ። ማታ ለሱም ድንጋይ እወስዳለሁ፤ እዚህ ጻፍኩት።

ከድር ታች ቆሟል፣ እጁን በሻርፕ አንጠልጥሎ። የምለውን ከመውረዴ በፊት ልጻፍ። ከድር፣ አራተኛዬም ይሁን አሥረኛዬ ንገረኝ። እጄ ባዶ ነው።

ደግሞ ያለ ዱላ በግራ አይኬድም፤ ውሻ አለ። ስለዚህ በቀኝ ነው። ጉልበቴን ይፍጀው።