ምሰሶ ላይ ለጠበቀኝ ወዳጄ

ውድ ሜቶዲ፣

መሞትህን ከመብራት ምሰሶ ላይ አስነበብከኝ። ይህን ለጠላት እንኳ አያደርጉትም። አንተ ግን ለእኔ አደረግከው፤ ያውም አስበህበት፣ ልጅህን አስምለህ።

እኅቴ ዘንድ ተራራው ላይ የወይን አረቄ ልናወጣ እንደምሄድ ነግሬህ ነበር። "ሂድ፤ ጠርሙስ ሳትይዝ ግን እንዳትመለስ" ብለህ ሳቅክ። ይዤ ተመለስኩ። በዚያው ምሽት እንደ ልማዳችን ከሰዓት ማማው ሥር ቆሜ ጠበቅኩህ። ስትቀር ተናደድኩ። ይሄ ሰነፍ ቴሌቪዥን ፊት እንቅልፍ ወስዶታል አልኩና ብቻዬን መንገዱን ጀመርኩት። ዳቦ ቤቱ ጥግ ካለው ምሰሶ ሥር፣ አዲስ የተለጠፉትን፣ የሟች ስምና ፎቶ ያለባቸውን የሐዘን ወረቀቶች ለማየት ቆምኩ። "ከተማችን ፕሎቭዲቭ ያላት የማይዋሽ ጋዜጣ ይሄ ብቻ ነው" ትል አልነበር? መሀል ላይ አንተ ነበርክ። ከረባት አስረሃል። ከረባት አስረህ አይቼህ ስለማላውቅ መጀመሪያ ሞክሼህ መሰለኝ። ስሙን ደግሜ አነበብኩት። ከተቀበርክ ሳምንት አልፎህ ነበር።

ውሻዋን ይዛ የምታልፍ ሴት፣ "አባባ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ።

"ምን አገባሽ?" አልኳት። ሰው ሲያዝንልኝ የምመልሰውን ታውቀዋለህ።

እኔን ማንም ምንም አላስተማረኝም። ኤሌክትሪኩንም ጀርመንኛውንም ከአሮጌ መጻሕፍት ላይ ብቻዬን ታግዬ ያገኘሁት ነው። ሰው ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ይህችን ከተማ ነው፤ ያስተማርከኝም አንተ ነህ። ከሮዶፒ ተራራ ወርጄ ፋብሪካ ስቀጠር ከተማዋ ለእኔ ጭስና ግፊያ ብቻ ነበረች። "ቀን ቀንማ ማንም ያያታል። አንተ የተራራ ፍየል፣ ና ማታ ላሳይህ" አልከኝ። ከዚያ ወዲያ የትኛው ግቢ በለስ ቅርንጫፉን ወደ መንገድ እንደሚያወጣ፣ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ትኩስ የአይብ ቂጣ የሚገዙበት የጓሮ መስኮት የት እንዳለ፣ ዝናብ ሲያባራ የማሪጻ ወንዝ ከየትኛው ድልድይ ላይ እንደሚያምር አወቅሁ። ሚስቶቻችን "የሌሊት ወፎቹ ገቡ" እያሉ ሲያላግጡብን ቀጠልን። ሁለቱንም ቀብረን እንኳ አልተውነውም።

ባለፈው በጋ ወደ ኮረብታው ስንወጣ ደረጃው መካከል መቆም ጀመርክ።

"ምነው?" እልሃለሁ።

"ከተማዋን እያየሁ ነው።"

"ከዚህ ምን ይታያል? የሰው ልብስ ማስጫ ነው።"

"እሱም ከተማ ነው" ትለኛለህ።

እኔም እንደ አሮጊት ሆንክ፣ ሰነፍክ፣ ወንበር ላሸክምልህ ወይ እያልኩ ሰደብኩህ። አንድ ምሽት ጭራሽ ጥዬህ ወጣሁ። ከላይ ሆኜ "አንተ ቀንድ አውጣ!" ብዬ ስጮኽብህ ሳቅህን ሰማሁት። ከሳቁ በኋላ የመጣውንም ሳል ሰምቻለሁ፤ ሳል ነው ብዬ አለፍኩት። ሜቶዲ፣ ሊሞት የተቃረበ ሰው እንድሰድብ አደረግከኝ። የማልረሳልህ ይህን ነው።

ኔቬናን ደጇ ድረስ ሄጄ ጮኽኩባት። ልጅህ እንዳንተው ናት፤ ጩኸቴ እስኪያልቅ ጠበቀችኝ።

"መታመሙን እንዳልነግርዎ አስምሎኝ ነው፣ ጋሼ ስታመን። ሲያርፍ ደግሞ እርስዎ ተራራ ላይ ነበሩ። 'ለስታመን ከነገርሽው በጀርባው አዝሎ ሶፊያ ሆስፒታል ነው የሚያስገባኝ' አለኝ።"

"ታዲያ አዝዬው ብሄድስ?"

"'የቀሩኝን ጥቂት ምሽቶች እየተሰዳደብን ብንሄድ ይሻለኛል። ክንዴን ደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያናግረኝ ማየት አልፈልግም' አለ። ምን ላድርግ? አባቴ ነው።"

ጀርባዬን ሰጥቻት ሄድኩ። ወደ ቤትህም ተመልሼ አልሄድኩም።

አርባህ ሲቃረብ ራሷ መጣች፤ የአርባ ወረቀትህን በክንዷ አቅፋ፣ ሙጫውን በጣሳ አንጠልጥላ።

"እኔ ከቤታችንና ከቤተ ክርስቲያኑ ሌላ የት እንደምለጥፍ አላውቅም። የእሱን መንገድ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።"

"ያለፈውን ማን ለጠፈው?"

"ቀብር አስፈጻሚዎቹ።"

"ዳቦ ቤቱ ጋ አጣመው ነው የለጠፉት" አልኳት። አላጣመሙትም። የምለው ጠፍቶኝ ነው።

ሙጫውን ተቀበልኳት። በዚያው ሌሊት መንገዳችንን ዞርኩት። ከወንዙ ጀመርኩ፤ ኮረብታው ደረጃ ላይ፣ አንተ ትቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ እኔም ቆምኩ። አንድ ሸሚዝና ሁለት አንሶላ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ከኋላቸው በመስኮት አንዲት ሴት ሕፃን ታባብላለች። እስከዚያ ሌሊት አስተውዬው አላውቅም ነበር።

የጓሮው መስኮት ጋ ስደርስ ሻጯ ጮኸችብኝ። "እዚህ አይለጠፍም፣ አባባ!" ከዚያ አንገቷን አውጥታ ፎቶህን አየች። "ውይ! ይሄ ያ ቀልደኛው አይደል? 'ለዚህ ፍየል ትኩስ ትኩሱን ስጪው' የሚለኝ?"

"እሱ ነው።"

"ይለጥፉት በቃ" አለችና የተነሳውን ጠርዝ በዱቄታም መዳፏ ተጫነችልኝ።

ቤቴ ስደርስ አንድ ወረቀት ተርፎኝ ነበር። በሬ ላይ ለጠፍኩት። በር ላይ የሚለጠፈው የቤቱ ሙት ብቻ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ጠዋት እትዬ ጊንካ፣ ከበላዬ የምትኖረው፣ መነጽሯን ሳታደርግ ስትወርድ ወረቀቱን አይታ ኖሮ ደረጃው ላይ እሪ አለች። ጧፍ ይዛ ከነጎረቤቱ መጥታ በሬ ላይ ስታለቅስ ከፍቼ ወጣሁ።

"ስታመን! አልሞትክም?"

"ዛሬ አልሞትኩም።"

"ታዲያ ለማን ነው ያስለቀስከኝ?" አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ አስጠግታ አነበበች። "ይሄ እኮ ሜቶዲ ነው። እሱ እዚህ አይኖርም። ዘመድህ ነው እንዴ?"

"የቤቱ ሰው ነው" አልኳት።

እትዬ ጊንካ ጧፏን ደፉ ላይ ተከለችና፣ "ነፍስ ይማር። ምነው ቀደም ብለህ ብትነግረኝ? ስንዴ ገዝቼ ንፍሮውን እቀቅል ነበር" አለችኝ።

"ለእኔስ ማን ነገረኝ?" አልኳት፤ ድምፄ ከዳኝ። ሰው ፊት ድምፄ ሲከዳኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከእንግዲህ መቃብርህ ላይ ስመጣ ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ የትኛው መብራት እንደተቃጠለ እነግርሃለሁ። ሳትነግረኝ መሄድህን ግን ለኔቬናም ለማንም አላነሳውም፤ እዚህ ጽፌ ጨርሻለሁ። አንተም አታንሳብኝ።

ስታመን