አያትሽ ያስረዘሙት ጠረጴዛ

ልጄ ሆይ፣ ጤናሽ ይጠበቅ፤ የአያትሽን ዘጠና ስድስት ዓመት መርቆ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድም።

የአያትሽ ቤት ሊሸጥ ነው። እኔንና አጎትሽን ያጣላን ጠረጴዛው ነው። አያትሽ ከግሪክ በመርከብ የመጡ አናጢ ነበሩ፤ ልጅ በተወለደላቸው ቁጥር ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ሳንቃ ይጨምሩ ነበር። አሥራ አንድ ልጅ ወለዱ፤ ጠረጴዛው ዛሬ በየትኛውም በር አይወጣም። "እሱ ካልወጣ ቤቱም አይሸጥም" አልኩ። አጎትሽ መጋዝ ይዞ መጣ።

"መጀመሪያ እኔን ቁረጥ!" አልኩት።

"አንተንማ መጋዙም አይደፍርህም!"

እሱ ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብዬ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። መጋረጃው እንደ መርከብ ሸራ ተነፍቶ፣ አያትሽ ከሥር ሆነው በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲያንኳኩ አየሁ። ስነቃ ጎንበስ ብዬ ከሥሩ ገባሁ። ለካ አንድም ሚስማር የለውም! ሳንቃዎቹ የተያያዙት ሲመቱት በሚወጣ የእንጨት ችንካር ነው። አገራቸውን ትተው የመጡ ሰው ናቸውና ቤት እንደሚለቀቅ ያውቁ ነበር።

ተሳስቼ ነበር፤ ይህን ለአጎትሽ እንዳትነግሪው። ችንካሮቹን በገዛ እጄ አወጣኋቸው፤ ወንድሞቼና እህቶቼ ሁሉም የየራሳቸውን ሳንቃ ተሸክመው ሄዱ። የእኔን ለአንቺ አስቀምጬዋለሁ። በፖስታ አልልክም፤ መጥተሽ ውሰጂ። እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ