አሚን ያላልኩበት ዱዓ

ሰኞ፣ ጠዋት
አጥሚቱን ሁለቴ አጠለልኩት። አሁንም ይጎረብጣል። ጥርሴ ላይና ታች በሽቦ ታስሯል፤ በኦፕራሲዮን ተቆርጦ የተቀጠለው መንጋጋዬ እስኪጠና አይፈታም፣ እስከዚያ መናገርም የለም ብሏል ዶ/ሩ። በሲሪንጅ በጉንጬ በኩል ነው የምጠጣው፤ ግማሹ ሆዴ ገባ፣ ግማሹ ልብሴ ላይ። ሰዓዳ ሳቀችብኝ። እዚሁ ሱዳን፣ ጀብራ ሰፈር አንድ ቤት ነው የምንሠራው፤ ሰሞኑን የኔንም ሥራ ደርባ ትሠራለች፣ ትሳቅ።
አሠሪያችን ሐጃ አጠገቤ ተቀምጣ ፉል በላች። ዳቦውን ስታጠቅስ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ማስታወሻዬ፣ በፉል የሚቀና ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?

ማክሰኞ
እብጠቱ ጎደል ብሏል። መስታወት አየሁ። አገጬ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ያምራል። ግን የማን እንደሆነ እንጃ። የድሮው የአባዬ ነበር፤ ወደ ፊት የወጣ። ከሚሴ ገበያ የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ የሱ ልጅ ነሽ ይሉኝ ነበር። በሱ ዳቦ እንኳ መግመጥ አልችልም ነበርና በማስቆረጤ አልጸጸትም። ግን ናፈቀኝ። አባዬም የድሮው ፊቴም ናፈቁኝ።
ኦፕራሲዮኑን አልነገርኩትም። ያወረስኩሽን ጠልተሽ አስቆረጥሽው ቢለኝስ?

ሐሙስ፣ ከሰዓት
መብራት የለም። ሙቀቱ አይጣል። ነገ ጁምዓ ነው፤ ጨንቆኛል።
አባዬ ጁምዓ ከሶላት መልስ ይደውልና ይመርቀኛል። አስቀርቶ አያውቅም። እሱ አንድ ነገር ሲል እኔ አሚን እላለሁ፤ አሚን ካላልኩ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ሳምንቱን ሙሉ በዚያች ምርቃት ነው የምቆመው።
ሰዓዳ አፍሽ እስኪፈታ እኔ አሚን ልበልልሽ አለች። ድምፄን የማያውቀው መስሏታል!

ዓርብ
ሰዓዳ ቀድማ አነሳች። ጉሮሮዋን ታማለች አለችው። ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ያዘችልኝ፤ እኔ እጆቼን ዘረጋሁ።
ዕድሜ ይስጥሽ አለ። እምም አልኩ። ጠበቀ። ክፉ አይንካሽ አለ። እምም። አሁንም ጠበቀ። ድምፁ ተለወጠ።
«ልጄ፣ ምርቃቴን አልፈልግም ማለትሽ ነው?»
ሱዳን አትሄጂም ብሎ ስለተቆጣኝ ዛሬም ቂም የያዝኩበት መስሎታል። ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ እንባዬ እየወረደ፣ እምም ብቻ። እሺ ይሁን ብሎ ዘጋው።
እኛ ቤት አሚን አለማለት ምርቃቱን መመለስ ነው። የአባቴን ምርቃት መለስኩበት።

ቅዳሜ
እማ ለሰዓዳ ደወለች። አባዬ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ማንንም አያናግርም። ምን አድርጌያት ነው ይላል አሉ።
ሰዓዳ እውነቱን ልንገረው አለች። ራሴን ነቀነቅኩ፣ አይሆንም። ከሷ አፍ ከሰማ ደበቀችኝ ይላል።

ከቀኑ 10 ሰዓት
ወሰንኩ። የወንድሜ ስልክ ምስል ያሳያል፤ ሰዓዳ ነግራው ስልኩን ይዞ አባዬ አጠገብ በረንዳው ላይ ነው። ደውዬ ፊቴን አሳየዋለሁ። ከንፈሬን ገልጬ ሽቦውን፣ አዲሱን አገጬን፣ ሁሉንም። ከዚያ እጆቼን ዘርግቼ እጠብቃለሁ። ከመረቀኝ አንገቴን ዝቅ እያደረግኩ አሚን እለዋለሁ። ካልመረቀኝ ይቆጣ። ቁጣውም ናፍቆኛል።
ሰዓዳ ስልኩን ትራሱ ላይ አቁማ ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ እያለችኝ ነው። እየጠራ ነው። አነሱ