ለእይታ ሲባል ስለተነሱት ድንጋዮች

…ከግንቡ እግር ስር ድንጋዮቹ በክሬን ሲነሱ እናቴ መስኮቷ ላይ ቆማ፣ «እነዚህ ሰዎች ምን ጠፍቷቸው ነው?» ብላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሥራቸውን ያውቃሉ ብዬ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሰላምታ መጀመር ነበረብኝ።

ለተከበሩ የሐይቅ ዳርቻ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቢሮዎ ከውሃው ርቆ ኮረብታው ላይ በመሆኑ፣ ከእርጥበት የሚመጣው ሳል እንደማያገኝዎ ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፤ ምስጋናዬን ይቀበሉ። የጀልባዎቹን ጠባብ መተላለፊያ ከማዕበል የሚጠብቀው አሮጌ ግንብ እንደ ዘንድሮ አምሮ አያውቅም። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ አናቱ ላይ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ከስሩ መሰነጣጠቁን የሚያይ ዓሣ ብቻ ነው፤ ዓሣ ደግሞ አቤቱታ አያቀርብም።

ሁለተኛ፤ ከግንቡ ፊት ውሃው ውስጥ ተከምረው የነበሩትን ሻካራ ድንጋዮች «የእይታ እንቅፋት» ብለው ማስነሳትዎ የረቀቀ ውሳኔ ነበር። ድንጋዮቹን እዚያ የጣሉት የጥንት ሠራተኞች ውበት የማይገባቸው ስለነበሩ፣ ማዕበሉ ግንቡን ከመምታቱ በፊት እነሱ ላይ ተሰብሮ እንዲደክም ከማሰብ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም። አሁን ሳይደክም ይደርሳል። ድንጋዮቹም ቢሆኑ አልባከኑም፤ ተጠርበው፣ የሐይቁን ዳርቻ እንድንንከባከብ ለሚመክረን ትልቅ ሰሌዳ መቆሚያ ሆነዋል።

ሦስተኛ፤ የእናቴ ቤት ከግንቡ ጀርባ ነው። የኋለኛው ክፍል ወለል ወደ ውሃው ዘንበል ብሏል፤ ብርቱካን ቢወድቅ ወደ መስኮቱ ይንከባለላል። እኔ ዘንድ እንድትመጣ ስለምናት፣ «አባትህ የሠራውን ቤት ትቼ አንተ ሳሎን ልጎለት?» ትለኛለች። ታናሽ እህቴ አልጋዋን ወደ ፊተኛው ክፍል አወጣችላት፤ እናቴ መልሳ አስገባችው። ነፋስ ሲነሳ ስልኬን አያለሁ። አይጮህም። እንደገና አያለሁ። ይህን ለምን ለእርስዎ እንደምነግርዎ አላውቅም።

አራተኛ፤ ስለ ጥገና ስንጠይቅ፣ ግንቡ ገና በቅርቡ ታድሶ ስለተመረቀ ጥገና ያስፈልገዋል ማለት የመረቁትን እንግዶች መዝለፍ ነው ተብለናል። ይህንንም አደንቃለሁ። ሆኖም ክረምቱ ሳይገባ ድንጋዮቹ ወደ ውሃው ቢመለሱ፣ ሰሌዳውን መሬት ላይ አስደግፈን ለማንበብ ፈቃደኞች ነን።

ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ስምዎን ከማንሳት ቦዝኜ የማላውቅ፣ የዚያች ሴት የበኩር ልጅ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለሙያ ስለላኩልን አመሰግናለሁ። ትናንት መጥተው እናቴን «እማማ፣ አይስጉ» አሏት። የኋለኛውን ክፍል ልታሳያቸው ይዛቸው ገባች። ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ በመስኮቱ ውሃውን አዩ፤ ቀጥሎ የቆሙበትን ወለል አዩ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ «ታዲያ ልጄ፣ እዚሁ ልተኛ?» ስትላቸው፣ በጣቶቻቸው ጫፍ እየረገጡ ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።